አርባ ሁለት ሊትር

አባቴ መሪጌታ አምደሚካኤል ካረፉ ሦስት ወር ሊሞላ ነው። የተዉልን ዕቃ ጥቂት ነው፤ መቋሚያቸው፣ ሁለት የብራና መጻሕፍት፣ እና እኔ ጽፌ የሞላኋቸው አሥራ አንድ ደብተሮች። ደብተሮቹ ውስጥ የእሳቸው ቃል አንድም የለም። ጆሯቸው ከተዘጋ ጀምሮ እኔ እጽፍላቸዋለሁ፣ እሳቸው አንብበው በአፋቸው ይመልሳሉ። ስለዚህ አሁን ስገልጣቸው የማገኘው የራሴን ጥያቄ ብቻ ነው። «ምሳ ቀዘቀዘ፣ ይምጡ እንጂ።» «ዛሬ ወገብዎን እንዴት አደረገዎት?» መልሱ የለም፤ ከእሳቸው ጋር ሄዷል።

እኔ ከስምንተኛ ክፍል ወጥቼ መሪ የጨበጥኩ ሾፌር ነኝ። መጻፍ የለመድኩት በእነዚህ ደብተሮች ነው። ፊደሌ ከተበላሸ አባቴ መልስ አይሰጡም፤ ደብተሩን መልሰው ያቀብሉኛል። ይህን የምጽፈው፣ መልሱን ሳይጠፋ ልይዘው የምፈልገው አንድ ገጽ ስላለ ነው።

ቤታችን ደብረ ማርቆስ ዳር፣ ወደ አማኑኤል ከተማ በሚወጣው መንገድ ላይ ነው። ሚኒባሴም ከማርቆስ አማኑኤል ነበር የምትመላለሰው። ዘንድሮ በገና ማግስት መንገዱ ተዘጋ። መጀመሪያ ሦስት ቀን ነው አሉ፤ ከዚያ ሳምንት፤ ከዚያ ማንም ቀን መናገር ተወ። ኔትወርክ ጠፋ፤ ነዳጅም ተወደደና ከነጭራሹ ጠፋ። ሚኒባሷ ግቢያችን ውስጥ አፍንጫዋን ወደ ቆርቆሮው በር አድርጋ ቆመች። ባትሪዋ እንዳይሞት በየሁለት ቀኑ አስነሳታለሁ፤ ትንሽ አስጓርቼ አጠፋታለሁ። ከዚያ በሩ ድረስ እሄድና እመለሳለሁ። ከግቢው ጫፍ እስከ ጫፍ ሠላሳ ሰባት እርምጃ ነው።

እኔን የዘጋኝ መንገዱ ነበር። አባቴ ግን ከእኔ ሁለት ዓመት ቀድመው ነበር የተዘጉት።

ኅዳር ሚካኤል ነበር። ያኔ ጆሯቸው በከፊል ይሰማል፤ በከፊል እንደሆነ ግን እኛ ቤት ብቻ ነው የምናውቀው። ታቦቱ ወጥቶ፣ ሕዝቡ ዙሪያውን ቆሞ፣ እሳቸው እንደ ልማዳቸው ከበሮ አንግተው ወረብ ይወርባሉ። ወረቡ ሞቆ ሞቆ፣ ከበሮው ተፋጥኖ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ቀጥ የሚልበት ቦታ አለ። ሁሉም ቀጥ አለ። የአባቴ ከበሮ ብቻ ቀጠለ። ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። እኔ ከሕዝቡ መሐል በስልኬ እየቀረጽኩ ነበርና ስልኩን ኪሴ ከትቼ ሮጥኩ። ክንዳቸውን ያዝኩ። ለሰው ሳወራ «ያዝኩ» ነው የምለው፤ እውነቱ ጎተትኳቸው። ዓይናቸውን ሲገልጡ መጀመሪያ ያዩት የእኔን ፊት ነው። ከዚያ የሌላውን ሁሉ።

ያን ቀን መቋሚያቸውን የቤታችን ምሰሶ ላይ ሰቀሉት። ከዚያ በኋላ ቅዳሴ እንኳን ከቅጥሩ ውጪ፣ ከአጥሩ ድንጋይ ሥር ቆመው ነበር የሚያስቀድሱት። ሰው «የኔታ፣ ይግቡ እንጂ» ብሎ እጃቸውን ሲስብ ያልሰሙ ይመስላሉ፤ ላልሰማ ሰው ይህ ቀላል ነው። ብዙም ሳይቆይ ጆሯቸው ፈጽሞ ተዘጋ። ስለዚያ ቀን እሳቸው ጠይቀውኝ አያውቁም ነበር፤ እኔም ጽፌላቸው አላውቅም ነበር። ስምንት ደብተር ስንሞላ ሁለታችንም በዚያ ቀን ዙሪያ እንደ ጉድጓድ ዞረን ነው ያለፍነው።

ጥር ላይ፣ መንገዱ ተዘግቶ እያለ፣ ጎረቤት ሰርግ ሆነ። ከኋላው ዘፈን የሚያስጮህ ባፍል የጫነ የሙሽራ ፒካፕ፣ ነዳጅ ከየት እንዳገኘ እንጃ፣ በራችን ፊት ቆመ። አባቴ በቆርቆሮው በር ተደግፈው ፀሐይ ይሞቁ ነበር። ድንገት ዞር አሉና መዳፋቸውን በሩ ላይ ዘረጉ።

«ድረስ ልጄ፣ ማነው ከበሮ የሚመታው?»

ስለ ከበሮ ሁለት ዓመት ሙሉ ቃል ወጥቷቸው አያውቅም። ደብተሩን አምጥቼ «የመኪና ባፍል ነው» ብዬ ጻፍኩ። አነበቡና መዳፋቸውን መልሰው በሩ ላይ አደረጉ።

«ቆርቆሮው ይነግረኛል» አሉ። «ግን ይንተባተባል።»

ፒካፑ እስኪሄድ ከበሩ አልተነሡም። ከሄደም በኋላ ቆሙ።

አልጋዬ ሥር ከነካርቶኑ የተቀመጠ ባለ አሥራ ሁለት ኢንች ውፈር ነበረኝ፤ ወፍራሙን ድምፅ ብቻ የሚያወጣ ትልቅ ስፒከር ነው። ለሚኒባሷ ብዬ ከነአምፕሊፋየሩ ገዝቼ፣ ሳጥን ሳላሠራለት ቀርቶ ነበር። ውፈር ያለ ሳጥን ምንም አይደለም፤ ይንዘፈዘፋል እንጂ ምት የለውም። ቆርቆሮው የተንተባተበውን ይህ አጥርቶ እንዲነግራቸው ብዬ፣ ማታውን ካርቶኑ ውስጥ ያለውን የእንግሊዝኛ ወረቀት ቃል በቃል እየፈታሁ አነበብኩ። በማግስቱ ከአጥራችን ጎን ሶፋና አልጋ የሚሠራው ዘመነ ዘንድ ሄድኩ።

«ስንት በስንት ይሁን?» አለኝ።

«አርባ ሁለት ሊትር።»

«ሳጥን ነው ወይስ ጠላ የምታስጠምቀኝ?»

«በሊትር ነው የሚለካው። ሥራውን የሚሠራው ውስጡ የታፈነው አየር ነው። ወረቀቱ ላይ ሁለት ዓይነት አለ፤ ድፍኑ አርባ ሁለት፣ ቀዳዳ ያለው ሰባ።»

«እንግዲያው ሰባውን። ለባጃጆቹ ልጆች የምሠራው እሱን ነው። መስኮት ያረግፋል።»

«መስኮት ምን አደረገኝ? ጩኸት አይደለም የምፈልገው፣ እያንዳንዱ የከበሮ ምት ለየብቻው እንዲመጣ ነው። ባለ ቀዳዳው ይጮሃል እንጂ ጭራው ረጅም ነው፤ ምቱ ካለቀም በኋላ ይጎተታል።»

«የከበሮ ጭራ ደግሞ ከየት አመጣህ? ለማን ነው ይሄ ሁሉ?»

«ለአባባ።»

ዘመነ መላጊያውን አስቀመጠ። ፊደል የቆጠረው አባቴ ዘንድ ነው።

«ለየኔታ?» አለ። «መንገድ ሲዘጋ ሾፌር መሐንዲስ ይሆናል አሉ» አለኝ። «እሠራዋለሁ። ግን ስማ፣ የቀረኝ አንድ ቺፑድ ጣውላ ነው። እሱን ካበላሸነው መንገድ ካልተከፈተ ሌላ አይገባም።»

ሳጥኑ የሚቀመጠው ከሚኒባሷ የኋላ ወንበር ሥር ነው። እዚያ ደግሞ የጎማው ሽፋን ወደ ውስጥ ስለሚገባ አንዱ ጎኑ ሰያፍ መሆን ነበረበት። በሜትር ለክተን ሦስት ጊዜ አባዛን፤ ሦስት ዓይነት ቁጥር ወጣ።

«እህል እንስፈርበት» አለ ዘመነ። «እህል አይዋሽም።»

ታላቅ እህቴ ሥራነሽ ግማሽ ጆንያ ስንዴና የእናታችንን ቁና አመጣችልን። አፉ ሰፊ፣ ጥልቀቱ ትንሽ የሆነ የድሮ ስፌት ነው።

«ስንት ሊትር ይይዛል?» አልኳት።

«ሰባት። በዘይት ጀሪካን ለክቼዋለሁ፤ ልቅም አድርጌ አውቃለሁ። ስንዴዬን ደግሞ በመጋዝ ብናኝ እንዳትለውሱብኝ» ብላ ወደ ወጧ ተመለሰች።

ስድስት ቁና አርባ ሁለት ሊትር ነው። ዘመነ «ሒሳብ እንዲህ ሲገጥም ያምራል» አለ።

ሳጥኑን በፊቱ ደፋነው፤ ጀርባው ገና አልተገጠመም፣ ክፍቱ ወደ ላይ ነው። ስድስት ቁና ስንዴ ልንገለብጥበት፣ ስንዴው በደረሰበት ልናሰምር፣ ግድግዳዎቹን በመስመሩ ላይ ልንቆርጥ፣ ጀርባውን በዚያ ልንገጥም ነው። እኔ ቁናውን እሞላለሁ፤ ዘመነ የቁናውን አፍ በማስመሪያው ጠረግ እያደረገ ያስተካክላል። አናጢ ነው፤ ያልተስተካከለ ነገር ሲያይ እጁ አያርፍም። አባቴ በርጩማቸው ላይ ሆነው ያዩናል። ሦስተኛው ላይ ስንደርስ ከበርጩማቸው ብድግ አሉ።

«ኧረ ተው፣ አናቱን» አሉ።

ዘመነ «ሦስት፣ ሦስት» እያለ ነበር። ቁጥሩ እንዳይጠፋብን ፈርቼ መዳፌን ወደ እሳቸው ዘረጋሁ፤ ቆይ እንደማለት። አባቴ እጄን አዩት። ተቀመጡ።

ስድስቱን ሰፈርን። አሰመርን። ዘመነ በመስመሩ ላይ ቆረጠ። በኮላና በብሎን ገጠመው፣ ስፌቱን ሁሉ በሲልከን ዘጋው፤ አየር የሚያልፍበት ቀዳዳ አልነበረውም። ውፈሩን አስገባንና በማግስቱ ጠዋት ከሚኒባሷ ወንበር ሥር አሰርነው።

ስልኬ ላይ ያለኝ የወረብ ቅጂ አንድ ብቻ ነበር። ሌላ እንዳላወርድ ኔትወርክ የለም። ሱቅ ያሉት በኦርጋን የታጀቡ መዝሙሮች ናቸው፤ እነሱን የአባቴ እጅ አያውቃቸውም። ያለኝ ያ የኅዳር ሚካኤል ቅጂ ነው። ሁለት ዓመት ሳላጠፋው፣ አንድ ጊዜ ብቻ አዳምጬው የተቀመጠ። አሥራ አንደኛው ደቂቃ ላይ ምን እንዳለ አውቃለሁ። ከዚያ በፊት አቆመዋለሁ ብዬ ወሰንኩ።

አባቴን ደግፌ አስገባኋቸው። የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ መዳፋቸውን በሁለቱ ጎናቸው ወንበሩ ላይ ዘረጉ። ዘመነ በመስኮት አንገቱን አስገባ። ከፈትኩት። ወንበሩ ተንቀጠቀጠ፤ የመስታወቱ አቧራ ሲዘል አየሁት። ዘመነ ፈገግ ብሎ አውራ ጣቱን አነሣልኝ። የአባቴ ፊት ግን እንደተዘጋ ነው። ጣታቸው ለመጀመር ይነሣና ይመለሳል። አሥረኛው ደቂቃ ላይ አጠፋሁት።

«ነጎድጓድ ነው» አሉ። «አንዱ ሳያልቅ ሌላው ይደርስበታል። ሁሉም ያብጣል። ምን ላይ ልቁም?»

ወረቀቱ ይህን ጽፎት ነበር። ድፍን ሳጥን ከሚገባው በላይ ከጠበበ አየሩ ይደነድናል፤ ውፈሩ አንድ ድምፅ ላይ ያብጥና ለማቆም ይዘገያል ይላል። እኔ ግን አርባ ሁለት ሊትር ሰፍሬያለሁ። ደብተሩ ላይ «ሳጥኑ ጠብቦ ይሆን?» ብዬ ጻፍኩ።

«ጠብቧል እንጂ» አሉ አባቴ። «ቁናውን ላጫችሁት። በኛ አገር ማን ቁና ላጭቶ ያውቃል? ቁና አናት አለው፤ እህል ተከምሮ፣ ከአፉ ፈስሶ ነው ቁና የሚባለው። ሥራነሽ ሰባት ያለችህ ከነአናቱ ነው። የተላጨው አምስት አይሞላም።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ነገርኳችሁ። እጅህን አነሣህብኝ።»

ብዕሩን ደብተሩ ውስጥ አድርጌ ዘጋሁት። ከጎተትኳቸው ቀን ያልተናነሰ ነገር ነው ያደረግኩት፤ ያውም በገዛ ግቢያቸው።

ሥራነሽ ስትሰማ ዘመነን ከአጥር ማዶ ሆና ጠራችው።

«አንተ ዘመነ፣ እናትህ ገበያ ልካህ አታውቅም? እንዲህ ላጭተህ ብትሰፍርላት ቁናውን ራስህ ላይ ነበር የምትደፋው።»

«አናጢ ነኝ እኮ እቴ፣ የእህል ነጋዴ አይደለሁም።»

«አናጢማ ብትሆን ሠላሳና አርባ ሁለትን በዓይንህ ትለይ ነበር።»

የተቆረጠ ግድግዳ አይረዝምም፤ ሌላ ቺፑድ የለም። በእግረኛ እስከ ደጀን፣ እስከ አማኑኤል አስጠየቅን። መንገዱ እንደተዘጋ ነው። ሳምንት ሙሉ ሠላሳ ሰባት እርምጃዬን ስመላለስ ሰነበትኩ። አባቴ በዚያ ሳምንት ከሲታ ሆኑ፤ ምግብ ቀነሱ። ደረታቸውን ያማቸው ጀመር፣ ሐኪሙ ያዘዘውም መድኃኒት ከተማው ውስጥ አልቋል። አንድ ጠዋት ወደ ሚኒባሷ እያዩ «ያ ነገር እንዲያው ቀረ?» አሉኝ። ጊዜ እንደሌላቸው ያን ጊዜ ገባኝ።

ወረቀቱን እንደገና አወጣሁ። ከሥር በትንንሽ ፊደል፣ መጀመሪያ የዘለልኩት አንድ መስመር አለ። ሳጥኑ በትንሹ ከጠበበ ውስጡን በተፈታታ ሱፍ ሙሉት፤ አየሩ ሰፋ ባለ ቦታ ያለ ይመስለዋል ይላል። ለአባቴ ገልብጬ ጻፍኩላቸው። ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«በግ የለን፣ ገበያ የለን» አልኩ ለራሴ።

እሳቸው ግን ተነሥተው ገብተው ባናቸውን ይዘው ወጡ። ከጮቄ ተራራ ሥር የመጡ ተማሪዎቻቸው ያመጡላቸው፣ ሃያ ዓመት የለበሱት የሱፍ ብርድ ልብስ ነው። «ባና ምንድን ነው? የተታታ ሱፍ ነው። የተታታውን እጅ ይፈታዋል» አሉ። «ብርዱስ?» ብዬ ጻፍኩ። ደብተሩን መልሰው አቀበሉኝ። ፊደሌ ተበላሽቶ አልነበረም።

ሦስት ቀን በሩ ሥር ተቀምጠን ፈታነው። እኔ ክሩን እመዛለሁ፤ እሳቸው በጣታቸው እየበተኑ ደመና ያደርጉታል። ያሳላቸዋል፣ ያርፋሉ፣ ይቀጥላሉ። ዘመነ ሥራውን ትቶ እየመጣ ያግዘን ነበር። «ጎጃም ውስጥ ውፈር ባና ሲለብስ የመጀመሪያው ነው» ይላል። እኔ ስስቅ አባቴ ምን አለ ይሉኛል፣ እጽፍላቸዋለሁ፣ ዘግይተው እሳቸውም ይስቃሉ።

ውፈሩን ፈትተን ሳጥኑን በሱፉ ሞላነው፤ ሳንጠቀጥቅ፣ ላላ አድርገን። መልሰን አሰርነው። የካቲት አሥር ቀን ነበር፣ ረፋድ ላይ። አባቴ ገብተው ተቀመጡ፤ እኔ ከአጠገባቸው ስልኬን ይዤ፣ አውራ ጣቴን ማቆሚያው ላይ አድርጌ። ከፈትኩት።

ወንበሩ አሁን አልተንቀጠቀጠም። መታ። ተወ። መታ። ተወ። በምትና በምት መሐል ባዶ ቦታ ነበር። የአባቴ መዳፍ ተነሣና ጉልበታቸውን መታ፤ ከከበሮው ጋር እኩል። ከዚያ ግራ እጃቸው ገባ። ከንፈራቸው ቃሉን ያዘ። ወረቡ ሲሞቅ ትከሻቸው ሞቀ። ከበሮው እየፈጠነ ወደዚያ ቦታ ሲሄድ ስልኩን ማየት ነበረብኝ፤ እኔ ግን እጃቸውን እያየሁ ነበር።

ከበሮው ቀጥ አለ። የአባቴ እጅ ቀጥ አለ። ከጉልበታቸው አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ፣ አየር ላይ፣ ከሁሉም ጋር እኩል ቆመ።

ደስታዬ አውራ ጣቴን አስረሳኝ። ወንበሩ መታ። ደግሞ መታ። ደግሞ። ደግሞ። ከሥሩ፣ ስሮጥ፣ የእኔ ኪስ ጨርቅ ስልኩን ያሸዋል፤ ከዚያ ዝምታ።

አጠፋሁት፣ ዘግይቼ። አባቴ እጃቸውን አላወረዱም።

«እኒህ አራቱ የማን ናቸው?» አሉ።

ደብተሩ ጉልበቴ ላይ ነበር። ልዋሽ እችል ነበር፤ ስልኩ ነው፣ ሽቦው ነው ማለት እችል ነበር። ብዕሬን አነሣሁና «የእርስዎ» ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ «ኅዳር ሚካኤል» አልኩ።

አነበቡት። ከዚያ ጣታቸውን አንድ በአንድ አጥፈው ቆጠሩ።

«አራት ብቻ ነው?»

አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ።

«ከዚያ በፊት፣ ከዚያ በኋላስ?»

«አራት ብቻ» ብዬ ጻፍኩ።

«እኔኮ ረጅም ጊዜ የመታሁ መስሎኝ ነበር» አሉ። «ዓይኔን ስገልጥ ሁሉም መቋሚያውን አውርዶ ቆሟል። ያንተን ፊት አየሁ። ከዚያ ፊት አንጻር ወረቡን ሙሉ ለብቻዬ የደገምኩት መስሎኝ ነበር። ሁለት ዓመት ስንት እንደሆነ ስቆጥር ነው የኖርኩት። አንዴ አርባ ይሆንብኛል፣ አንዴ መቶ።» ገጹን እንደገና አዩት። «ለአራት?»

ከዚያ ሳቁ። ሳሉ፣ ሳቁ። ዘመነ ምን ሆኑ ብሎ በመስኮት አንገቱን አስገባ።

«ከመጀመሪያው ድገመው» አሉኝ። «እስከ መጨረሻው፣ አራቱንም።» ደገምኩት። መሐል ላይ ከእሳቸው ጋር ከበሮ የያዘውን ሰው «ይኼ ይቸኩላል፣ ያኔም ነግሬው ነበር» አሉ። አራቱ ሲመጡ በእጃቸው አብረው መቷቸው።

በሦስተኛው ቀን የካቲት ሚካኤል ነበር። ጠዋት ስነሣ መቋሚያው ምሰሶው ላይ የለም። ክንዳቸውን ልይዝ እጄን ስዘረጋ አዩኝና ራሳቸው ክንዳቸውን ሰጡኝ። ከአጥሩ ድንጋይ ሥር ደርሰን እኔ እንደ ልማዳቸው ቆም አልኩ። እሳቸው አልቆሙም፤ በቅጥሩ በር ገቡ። ከበሮ አልያዙም፤ ከከበሮ መቺው አጠገብ ቆመው አንድ መዳፋቸውን የከበሮው ጎን ላይ አሳረፉ። የቸኮለውን ሰው ሁለት ጊዜ በዓይናቸው ገሠጹት።

ከዚያ በኋላ ሦስት ወር ኖሩ። በሦስቱም ወር ለሚካኤል ከቅጥሩ ገብተዋል። መንገዱ ከፋሲካ በኋላ ተከፈተ፤ ለደረታቸው ግን ዘግይቶ ነበር። ግንቦት ላይ፣ ባና ሳይለብሱ፣ አረፉ።

አሁን ከማርቆስ አማኑኤል እመላለሳለሁ። ተሳፋሪ «ይሄ ባፍል ለምን አይጮህም?» ይለኛል። ሳጥኑን ፈትቼ ሱፉን ላወጣው አንድ ሁለቴ አስቤ ትቼዋለሁ።

ያ ገጽ ዘጠነኛው ደብተር ላይ ነው። በእኔ ፊደል ሦስት መስመር አለው። የእርስዎ። ኅዳር ሚካኤል። አራት ብቻ። የእሳቸውን መልስ አሁን ከሥሩ ጻፍኩት፤ «ለአራት?»